ነፃ የትምህርት ሶፍትዌርን ለቤተሰብ ማስተዋወቅ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ መረጃ

በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ በትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀንና በተማሪዎች ምዝገባ ሰሞን ቤተሰቦች በብዛት ይሰባሰባሉ። በእነዚህ መድረኮች ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ያለ ክፍያ የሚገኙ የመማሪያ ሶፍትዌሮችን ለወላጆች ማሳየትና በስልካቸው ላይ መጫን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በአግባቡ ከተሠራ ግን ለሕፃናት ንባብ የሚጠቅም ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህን ሥራ ለሚሠሩ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ በጎ ፈቃደኞች፣ ርእሳነ መምህራንና ወላጆች የተዘጋጀ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው ሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተሞች ሆነዋል፤ ነዋሪው ግን ዛሬም ከተማ እያለ ይጠራቸዋልና እዚህም በዚሁ ልማድ እንቀጥላለን።

«ነፃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ሲሆን ሁለተኛው ነፃነት ያለው ማለት ነው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት ተጠቃሚው ሶፍትዌሩን ለፈለገው ዓላማ የመጠቀም፣ አሠራሩን የመመርመርና የመለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ሰው የመስጠት፣ የለወጠውንም የማካፈል ነፃነት አለው።

ልዩነቱ ለበጎ ፈቃደኛ ተግባራዊ ትርጉም አለው። ሶፍትዌሩ ነፃ ፈቃድ ያለው ከሆነ በፍላሽ ገልብጦ ለመቶ ቤተሰብ ማደል ሕጋዊ ነው። አንድ የቡራዩ መምህርም የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ወደ አፋን ኦሮሞ ሊተረጉመው ይችላል። ዋጋ ስላልተጠየቀበት ብቻ «ነፃ» የተባለ መተግበሪያ ግን ይህን ላይፈቅድ ይችላል። ብዙዎቹ በማስታወቂያ የሚተዳደሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ትምህርት በኋላ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በጎ ፈቃደኛው አንድን መተግበሪያ ለወላጅ ከማሳየቱ በፊት ራሱ እስከ መጨረሻው ሞክሮት ሊሆን ይገባል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ወላጅ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚማረው?» የሚል ሊሆን ይገባል። በሦስቱ ከተሞች የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋና ልጁ በትምህርት ቤት የሚማርበት ቋንቋ የሚለያዩበት ጊዜም ብዙ ነው። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ አማርኛ ፊደል የሚያስተምር መተግበሪያ በአፋን ኦሮሞ ለሚማር የአንደኛ ክፍል ተማሪ ዕውቀት ቢጨምርለትም የክፍሉን ንባብ አያግዘውም። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። አክብሮትም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እናትን «አዴ»፣ አባትን «ኦቦ» ብሎ በአፋን ኦሮሞ መቀበል የሚችል በጎ ፈቃደኛ በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ቢያንስ አንድ ሊኖር ይገባል።

የቋንቋን ጉዳይ የሚያስገነዝብ ምሳሌ በቅርብ አለ። በሰበታ በኩል የሚያልፈውን የጅማ መንገድ ይዘው ወሊሶ ሲደርሱ ወደ ወንጪ ሐይቅ ይታጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት በወንጪ አካባቢና በምሥራቅ ሸዋ ወለንጪቲ አቅራቢያ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል ሕፃናት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። ሕፃናቱ መሣሪያዎቹን ከፍተው መጠቀም የጀመሩበት ፍጥነት በወቅቱ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተነግሯል፤ የተቆለፈውን ካሜራ ሳይቀር አስከፍተዋል ተብሏል። በታብሌቶቹ ላይ የተጫነው የማንበቢያ ሶፍትዌር ግን የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ሕፃናት መሣሪያውን መልመድ አያቅታቸውም፤ ስለዚህ የጠረጴዛው ሥራ ስልክ አነካክን ማሳየት አይደለም። ሥራው ልጁ በሚማርበት ቋንቋ የተዘጋጀውን ትክክለኛ ይዘት መርጦ ማገናኘት ነው።

ምን ምን አለ?

ፊደል ለሚጀምሩ ሕፃናት ተስማሚ ከሆኑት አንዱ «ፊድ ዘ ሞንስተር» ነው። በሶርያ ጦርነት ምክንያት ከትምህርት ገበታ ለራቁ ሕፃናት በዐረብኛ ከተሠራ በኋላ «ኪዩሪየስ ለርኒንግ» የተባለው ድርጅት ወደ ብዙ ቋንቋዎች አስፋፍቶታል፤ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ ቅጂም አለው። ልጁ ድምፅ ሰምቶ ትክክለኛውን ፊደል ለአንድ አውሬ ያጎርሳል። አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ድርጅቱን ከመሠረቱት ባለሙያዎች ጥቂቶቹ ከላይ በተጠቀሰው የወንጪና የወለንጪቲ ሥራ ላይ የነበሩ መሆናቸው የአገር ውስጥ ቋንቋ ጥቅም ከተሞክሮ የተገኘ ትምህርት መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ዓይነት መተግበሪያ ላይ ለወላጅ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። አማርኛ 33 የግእዝ (አንደኛ) ፊደላት ሲኖሩት ከእነሱ መካከል በድምፅ አንድ የሆኑ አሉ። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ወይም «ሰ» እና «ሠ» በአንድ ሰሌዳ ላይ ቀርበው ልጁ አንዱን ሲመርጥ «ስሕተት» ከተባለ ጥፋቱ የመተግበሪያው እንጂ የልጁ አይደለም። በቁቤ በኩል ደግሞ የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለውጣሉ፤ ድምፁ ጥራት ከሌለው ልጁ ሁለቱን መለየት አይችልም። በጎ ፈቃደኛው እነዚህን ቦታዎች አስቀድሞ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ፊደል ለለዩ ሕፃናት የሚያስፈልገው የሚነበብ ነገር ነው። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ» የተባሉት ስብስቦች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጁ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍትን ማውረድ፣ ማተምና ማባዛት በሚፈቅድ ፈቃድ ያቀርባሉ። ስማርት ስልክ የሌለው ቤተሰብ ሲመጣ ከእነዚህ አንዱን አትሞ መስጠት ይቻላል። ይህን የመሰለውን ቤተሰብ ባዶ እጁን የሚመልስ ጠረጴዛ ሥራውን ግማሽ ብቻ ሠርቷል።

ከፍ ላሉት ልጆች «ስክራች» አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካው ኤምአይቲ የተዘጋጀው ይህ የፕሮግራም መማሪያ ትእዛዞቹን በአማርኛ ያሳያል፤ በኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው። «ኪዊክስ» ውክፔዲያን ከነሙሉ ይዘቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። «ኮሊብሪ» ደግሞ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ በዋይፋይ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ ያሠራጫል፤ ለትምህርት ቤት እንጂ ለአንድ ቤተሰብ የታሰበ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ወጣቶች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ስለተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ሲጠይቁ፣ ሥልጠናው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥና የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን ማስረዳት ይገባል። ቋሚ ግንኙነት ስለሚፈልግ ግን ከላይ ከተጠቀሱት ጋር በአንድ ዐይን የሚታይ አይደለም።

ማየት ለተሳናቸው ልጆች

ሰበታ ለብዙ ዓመታት ማየት የተሳናቸውን ልጆች ያስተማረው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚዘረጋ ጠረጴዛ «ኤንቪዲኤ»ን ካላሳየ ጎድሎታል። ኤንቪዲኤ በኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመረው ራሱ ማየት የተሳነው አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን ነው። ሥራውን የጀመረበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡት የንግድ ሶፍትዌሮች ዋጋ ለአብዛኛው ማየት የተሳነው ሰው የማይቀመስ ነበር። ኤንቪዲኤ የሚጠቀምበት «ኢስፒክ ኤንጂ» የተባለው የድምፅ ማመንጫ አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ያነባል። ድምፁ የሰው ድምፅ አይመስልም፤ የማሽን ድምፅ ነው፤ ለመልመድም ቀናት ይወስዳል። ይህን ሳይደብቁ ለወላጅ መናገርና ልጁ ራሱ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሞክረው ማድረግ ይሻላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው «ቶክባክ» ደግሞ በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ አብሮ ተጭኖ ስለሚመጣ ከቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ይበቃል።

በጠረጴዛው ላይ

በብዙ ቤት ስማርት ስልኩ አንድ ነው፤ እሱም የአባት ወይም የእናት የሥራ ስልክ ነው። ጠዋት ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ይወጣሉ፤ ልጁ የሚያገኘው ማታ ነው። ስለዚህ ወላጅ የሚያሳስበው ሁለት ነገር ነው፤ የዳታ ጥቅሌ ያልቃል ወይ? ስልኬስ ይሞላል ወይ? ለሁለቱም ጥያቄ በቁጥር መመለስ ያስፈልጋል። መተግበሪያው ስንት ሜጋባይት እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ማኖር፣ ከተጫነ በኋላም ዳታ አጥፍቶ መሥራቱን ወላጁ ፊት ማሳየት ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ያሳምናል።

አጫጫኑም ጥንቃቄ ይሻል። መተግበሪያን ከስልክ ወደ ስልክ መላክና ከቴሌግራም ቻናል ማውረድ የተለመደ ነው፤ ዳታም ይቆጥባል። ነገር ግን ምንጩ ያልታወቀ ፋይል የተለወጠ ወይም ጎጂ ፕሮግራም የተደበቀበት ሊሆን ይችላል፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በሚሠራበት ስልክ ላይ ደግሞ አደጋው የገንዘብ ነው። ጠረጴዛው የራሱን ዋይፋይ አዘጋጅቶ ከፕሌይ ስቶር ቢጭን ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ ፋይሎቹን ከአሠሪው ድርጅት ገጽ አስቀድሞ አውርዶ በአንድ ንጹሕ ላፕቶፕ ማስቀመጥ ይገባል። ለመጫን ሲባል የተከፈተው «ካልታወቀ ምንጭ መጫን» የሚለው ፈቃድ ወላጁ ከመሄዱ በፊት ተመልሶ መዘጋት አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

ክረምት መሆኑም አይዘነጋም። በሱሉልታ በሐምሌና በነሐሴ ድንኳን ብቻ አይበቃም፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ስለሚያጋጥም መሣሪያዎች ሌሊቱን ተሞልተው ማደር አለባቸው። በዝናብ ቀን የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የቀበሌ አዳራሽ ማስፈቀድ ይሻላል።

የቤተሰብ መረጃ

ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የልጅ ዕድሜና ፎቶግራፍ መሰብሰብ ለሪፖርት የሚመች ስለሚመስል በጎ ፈቃደኞችን ይፈትናል። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሕፃናት መረጃ ደግሞ የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ ይሻል። ለሥራው በቂ የሚሆነው ስንት ቤተሰብ እንደመጣ፣ በየትኛው ቋንቋ ስንት መተግበሪያ እንደተጫነ መቁጠር ነው። ከመተግበሪያው ጋር ግንኙነት የሌለው ፈቃድ፣ ለምሳሌ የስልክ ዝርዝርን ማንበብ፣ የሚጠይቅ የሕፃናት መተግበሪያ ከጠረጴዛው መወገድ አለበት።

ቃል የማይገባበት

እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች የተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። ወላጅ ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ይህን በልጁ ላይ ስላየ ነው። ሶፍትዌር ሊያደርግ የሚችለው ምን ያህል እንደሆነ ከታንዛኒያ የተገኘ ማስረጃ አለ። በ170 መንደሮች በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 አሸናፊዎቹ በታወቁበት የ«ግሎባል ለርኒንግ ኤክስፕራይዝ» ውድድር፣ ከ15 ወራት በኋላ በስዋሂሊ አንድ ቃል ማንበብ የማይችሉት ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ግማሾቹ ግን ከ15 ወራት በኋላም ማንበብ አልቻሉም፤ ለእያንዳንዱ ልጅም የራሱ ታብሌት ተሰጥቶት ነበር። ማታ ማታ ለሃያ ደቂቃ የአባቱን ስልክ የሚያገኝ የቡራዩ ልጅ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል ብሎ ለወላጅ መንገር አይገባም። መናገር የሚቻለው ልጁ ከወላጁ ወይም ከታላቁ ጋር አብሮ ቢጠቀምበት በክፍል የተማረውን እንደሚያጠናክርለት ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ከልጁ ጎን ተቀምጦ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

የአንድ ቀን ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው የተጫነ ግን ያልተከፈተ መተግበሪያ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ተመልሰው እንደሚገኙ በወረቀት ጽፈው ለቤተሰቡ መስጠት ይገባቸዋል። በዚያ ቀን የሚሠራው ሥራ ችግር መስማት ነው፤ የጠፋ ድምፅ፣ የሞላ ስልክ፣ ልጁ የሰለቸው ጨዋታ፣ የተሳሳተ ፊደል ይኖራል። ነፃ ፈቃድ ባላቸው ሶፍትዌሮች ላይ የተገኘ የፊደል ወይም የትርጉም ስሕተት ለአዘጋጆቹ ሊላክና ሊታረም ይችላል። ስሕተቱን የሚጽፍ አንድ ሰው፣ በተቻለ መጠን የአፋን ኦሮሞ ወይም የአማርኛ መምህር፣ ለዚህ ሥራ ቀድሞ መመደብ አለበት።