አንድራቻና ቦንጋ፦ የካፋ ነገሥታት መናገሻ

 

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ በቦንጋ በኩል ያልፋል። ብዙዎቻችን መንገዱን እናውቀዋለን። ቡና የጫነ መኪና ይመላለስበታል። ነገር ግን በዚያ አገር አንድ የቆየ መንግሥት መናገሻ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? የዛሬው ወሬያችን ስለዚህ ነው።

መናገሻ ማለት ንጉሥ ተቀምጦ የሚገዛበት ከተማ ነው። አክሱም መናገሻ ነበረች። ጎንደርም መናገሻ ነበረች። የአክሱም ሐውልት በድንጋይ ቆሟል፤ የጎንደርም ግንብ ቆሟል። የካፋ ነገሥታት መናገሻ አንድራቻ ግን እንዲህ ያለ የድንጋይ ግንብ አልተወችልንም። ታዲያ ግንብ የሌለው ታሪክ የለውም ማለት ነው? አይደለም።

የካፋ መንግሥት ከ500 ዓመት በላይ እንደኖረ አባቶች ሲናገሩ ቆይተዋል። ገዥዎቹ ሚንጆ ከሚባለው ጎሣ ነበሩ። ንጉሡ «ታቶ» ይባላል። ታቶ ብቻውን አይገዛም ነበር፤ «ሚክሬቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ ከእነርሱ ጋር ይመክራል።

ሁለት ከተሞች ሥራ ተከፋፍለው ነበር። አንድራቻ የቤተ መንግሥት ከተማ ናት። ቦንጋ ደግሞ የገበያ ከተማ ነበረች። ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎች ወደ ቦንጋ ይገቡ ነበር። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ከዚያ ይወጣ ነበር። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። እውነቱ ይነገር፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከድሃ ቤት የወጣ ልጅ በባርነት ተነድቶ አገሩን ሳያይ ይቀር ነበር። የመናገሻ ታሪክ ሲነገር የነገሥታቱ ክብር ብቻ መነገር የለበትም፤ የዚያ ልጅም ታሪክ ነው።

ካፋ ድንበሩን እንዴት ይጠብቅ ነበር? በሰሜን የጎጀብ ወንዝ አለ። ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ፣ በእንጨት አጥር ተከልሎ፣ በር ተበጅቶለት ነበር። በሩን ያለ ፈቃድ አልፎ መግባት ክልክል ነው። ያን ሁሉ ቦይ የቆፈረው ማን ይመስላችኋል? ገበሬው ነው እንጂ!

ታዲያ ይህ መንግሥት እንዴት ወደቀ? በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ድል ተገኘ። በተከታዩ ዓመት በ1889 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ካፋ ላኩ። የጦሩ አዛዥ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። የጅማው አባ ጅፋርም ረዱ። የምኒልክ ጦር ብዙ ጠመንጃ ነበረው። የካፋ ሰው በአብዛኛው የያዘው ጦርና ጋሻ ነበር። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ጫካ ገብቶ ወራት ሙሉ ተዋጋ። አንድራቻ ጠፋች። በ1890 ዓ.ም. መግቢያ፣ መስከረም ላይ፣ ጋኪ ሸሮቾ ተያዘ። ዳግመኛ በነጻነት አገሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ ከ20 ዓመት ያህል እስር በኋላ በአዲስ አበባ ሞተ። በዚያ ጦርነትና ከዚያ በኋላ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙውም ተሰደደ፣ ተሸጠ።

ዘውዱስ? የካፋ ሕዝብ ዘውዱን እንደ መንግሥቱ ነፍስ ያየው ነበር። ዘውዱ ወደ አውሮፓ ሄደ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው የስዊዘርላንዱ ሰው አልፍሬድ ኢልግ ጋ ደረሰ። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህን ታሪክ ማን ጻፈው? የኢጣልያኑ ሚስዮናዊ ማሳያ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ካፋ ነበሩ፤ ያዩትን ጻፉ። የኦስትሪያው ፍሪድሪክ ቢበር በ1897 ዓ.ም. መጡ፤ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት ጻፉ። የታሪኩ ባለቤት የካፋ ሰው ግን በቋንቋው የሚጽፍበት ፊደል አልነበረውም። ሁሉን በልቡ ይዞ ለልጁ ይነግር ነበር። ሽማግሌ ሲሞት አብሮት የሚቀበር ነገር ብዙ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ይህ ነገር መለወጥ ጀመረ። ዘመቻው ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ካፊኛ-ሞቻኛ ነበር። የካፋና የሸካ ሰው በገዛ አፉ የሚናገረውን በወረቀት ላይ አየ። ትንሽ ነገር አይደለም!

ዛሬ ቦንጋ እንደገና ከመናገሻዎች መካከል ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም፣ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ የክልሉ መቀመጫ ከተሞች ሆኑ። የዛሬው መቀመጫ ግን በቦይና በበር የሚጠበቅ አይደለም። ማንም ገብቶ ጉዳዩን ሊያቀርብበት ይገባል። ለዚህም ጉዳዩን ራሱ አንብቦ፣ ራሱ ጽፎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። በአካባቢያችሁ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ዘንድ ሂዱ። ቡና ሲፈላ ተቀመጡና ጠይቁ፦ «ይህ ሰፈር ድሮ ምን ይባል ነበር? ማን ሰፈረበት? ማንስ ተወሰደ?» የነገሯችሁን አምስት መስመር አድርጋችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም አትርሱ። ፊደላችሁ ቢጣመም አትፈሩ፤ ይቀናል። ያልተጻፈ ታሪክ ግን አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ደህና ሁኑ።