ዜና አስማተ ሰፈር ዘአዲስ አበባ

በ1879 ዓመተ ምሕረት፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ባቀኑበት ዓመት፣ ከተማቸው በእንጦጦ ተራራ ላይ ነበረ። እንጦጦም ለጠላት የማይመች ነው፤ ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ ለባለቤቱም አይመችም። ወይዘሮ ጣይቱ፣ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረዱ። ውሃው ከመሬት እየፈላ ይወጣል፤ በማለዳም እንፋሎቱ ሣሩን ይጋርደዋል። የአገሩ ባለቤት ኦሮሞዎች ያን ስፍራ ፊንፊኔ ይሉታል። ውሃው እየተፈናጠረ መፍለቁን የሚናገር ስም ነው ይላሉ። ወይዘሮ ጣይቱም ስፍራውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩበት፤ አዲስ አበባም አሉት። የፊተኛው ስም በጆሮ የወጣ ነው፣ የኋለኛው በዐይን። የፊተኛውም አልጠፋም፤ ኦሮሞው ዛሬም ከተማይቱን ፊንፊኔ ብሎ ይጠራታል።

ከዚህም በኋላ ለመኳንንቱ በግቢው ዙሪያ መሬት ተሰጣቸው፤ እነርሱም ከነጭፍራቸው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። የእጅ ባለሙያዎች ያረፉበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ፤ ከጎፋ የመጡት ያረፉበት ጎፋ ሰፈር። ልብ በሉ፣ መስፈር ማለት ድንኳን ተክሎ ማረፍ ነው። ዛሬ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተወለደ ልጅ «የሰፈሬ ልጅ» ሲል በዘማች አፍ መናገሩን አያውቅም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የመኳንንቱ ቦታ ሁሉ ሄደ፤ ስማቸውን ግን የወረሰው የለም።

በ1909 ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት፤ ሕዝቡ ለገሃር አለው። እኔስ ይህ እንዲሁ የአፍ ስሕተት አይመስለኝም። በኦሮምኛ ለገ ወንዝ ነው፤ ለገዳዲና ለገጣፎን ሲጠራ የኖረ ሰው የፈረንጁንም ቃል በለመደው ቅርጽ ቢያበጀው ምን ያስደንቃል?

በ1928 ጠላት ኢጣሊያ ገባ። ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደና ለሀበሻው ለየው፤ አራዳውን ለራሱ ያዘ። በቋንቋው ገበያው መርካቶ፣ አደባባዩ ፒያሳ ተባለ። ለመንግሥቱ ሠራተኞችም ቤት ሠራላቸው። ቤት በእነርሱ ቋንቋ «ካዛ» ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ቤቱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ካዛንቺስ ማለት እንግዲህ ከደብዳቤ ራስጌ የተቀዳ ስም ነው፤ እንደ ሰፈር ስም ከዚህ የደረቀ አላየሁም። በ1933 ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ጠላት ወጣ፣ ስሙ ግን ከነዕቃው ቀረ። አርበኛ የሞተላት ከተማ እንዴት በጠላት ቃል ትጠራለች ያለ አልጠፋም፤ ገበያተኛው ግን በርበሬውን ይዞ መርካቶ ሄደ። ወረራውን አልቀበልም ላለችው ለሜክሲኮም አደባባይ ተሰየመላት።

በዚህ ሰሞን ከፒያሳ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ወያላው ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ በአራት ኪሎ!» ይላል። አንድ ሽማግሌ ፎጣና ሳሙና በፌስታል ይዘው ገብተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ፍልውሃ ያደርሰኛል?»

«አያደርስም አባባ፤ የለገሃሩን ይያዙ፣ አምባሳደር ጋ ይወርዳሉ።»

ሽማግሌውም ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወረዱ።