እምቢታን የተማረ መሣሪያ፤ የሊኑክስ ጥቅሎች አጭር ታሪክ

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው አዲስ ፕሮግራም ሊጭን ሲሞክር፣ መሣሪያው ሥራውን አቋርጦ «የሚያስፈልጉት ጥቅሎች አልተሟሉም» ወይም «ጥቅሉ በከፊል ተዋቅሮ ቀርቷል» የሚል መልእክት ቢያሳየው የሚሰማው ብስጭት ነው። ብስጭቱ ያለ ምክንያት ባይሆንም፣ መልእክቱን የብልሽት ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው የእምቢታ ቃል ቀድሞ በብዙ ተጠቃሚዎች ላይ ከደረሰ ጉዳት የተወለደ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ የእምቢታ ቃላት መቼና ለምን እንደ ተፈጠሩ በአጭሩ ማስረዳት፣ ከታሪኩም ለባለሙያው የሚጠቅመውን ትምህርት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የዝምታው ዘመን

የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን መጀመሩን ያስታወቀው በኦገስት 1991 ነው። እርሱ የጻፈው ግን ከርነሉን ብቻ ነበር። የትእዛዝ መቀበያው፣ የጽሑፍ ማረሚያው፣ የመስኮቱ ሥርዓት በልዩ ልዩ አገር በሚኖሩና እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ ሰዎች የተዘጋጁ ነበሩ። እነዚህን ሰብስቦ በአንድነት የሚቀርበው ሥራ «ስርጭት» ተባለ። ከቀደምት ስርጭቶች አንዱና እስከ ዛሬም የዘለቀው ፓትሪክ ቮልከርዲንግ በ1993 ያወጣው ስላክዌር ነው።

የስላክዌር ጥቅል የታመቀ የፋይሎች ስብስብ ሲሆን፣ መጫኛው ፋይሎቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፣ ዝርዝራቸውንም ይመዘግባል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን ይፈልግ እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በአንድ መንደር ያሉ ቤተሰቦች በአንድ ወፍጮ እንደሚገለገሉ ሁሉ፣ ብዙ ፕሮግራሞችም በአንድ የጋራ ላይብረሪ ይገለገላሉ። ወፍጮው ከሌለ ወይም ከተለወጠ እህሉ ሳይፈጭ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ ዘመን መጫኑ ዘወትር የተሳካ ይመስል ነበር፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪውን አጥቶ ሲወድቅ ነበር። መሣሪያው ዝም በማለቱ የምርመራው ሸክም በሙሉ በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ወደቀ።

፪. እምቢታ ተጀመረ

ኢያን መርዶክ በኦገስት 1993 የዴቢያንን ስርጭት አስታወቀ። ኢያን ጃክሰን በ1994 በሲ ቋንቋ እንደገና የጻፈው ዲፒኬጂ የተባለው መሣሪያ የዚህ ስርጭት መሠረት ሆነ። እያንዳንዱ የዴቢያን ጥቅል ምን ምን እንደሚፈልግና ከማን ጋር አብሮ መኖር እንደማይችል የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ዲፒኬጂ ደግሞ ሥራውን በሁለት ይከፍለዋል፤ መጀመሪያ ፋይሎቹን ይዘረጋል፣ ቀጥሎ ያዋቅራል፤ የደረሰበትንም ደረጃ ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ቢሞላ ጥቅሉ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዳሩ ግን የት ላይ እንደ ቀረ ስለሚታወቅ የተጀመረውን ማስጨረስ ይቻላል። «በከፊል ተዋቅሮ ቀርቷል» የሚለው መልእክት ትርጉሙ ይኸው ነው።

ሬድ ሃት በበኩሉ በማርክ ዩዊንግና በኤሪክ ትሮአን የተሠራውን አርፒኤምን በ1995 አቀረበ። አሁን መሣሪያዎቹ እምቢ ማለትን ተማሩ። ይሁን እንጂ እምቢ ከማለት አልፈው የጎደለው ከየት እንደሚገኝ አይናገሩም ነበር። በተለይም አርፒኤም የላይብረሪውን ፋይል ስም ብቻ ጠቅሶ ሲያቆም፣ ተጠቃሚው ፋይሉ በየትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ ራሱ ይፈልግ ነበር። ያንን ባገኘ ጊዜ አዲሱ ጥቅል ሌሎች ሦስት ይጠይቀዋል። ሰዎች ይህን ሁኔታ «የጥገኝነት ገሃነም» እስከ ማለት ደረሱ።

፫. ፈላጊውና ሒሳቡ

በማርች 1999 የወጣው ዴቢያን 2.1 አፕት የተባለውን መሣሪያ ይዞ ቀረበ። አፕት ከዲፒኬጂ በላይ ተቀምጦ የማከማቻውን ዝርዝር ያነባል፣ የጎደለውን ሁሉ ይቈጥራል፣ ቅደም ተከተሉን ያወጣል፣ አምጥቶም ያስጭናል። በአርፒኤም ወገን ደግሞ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ያም ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጠ። የፍለጋው ድካም ከተጠቃሚው ወደ ማሽኑ ተሻገረ።

ለመሆኑ ማሽኑ ምን ያህል ከባድ ጥያቄ ተረክቦ ነበር? ኢዶስ በተባለው የአውሮፓ የምርምር ፕሮጀክት የተሰለፉ ሊቃውንት በ2006 እንዳረጋገጡት፣ አንድ ጥቅል ከነፍላጎቱ ያለ ግጭት ሊጫን ይችል እንደ ሆነ መወሰን ኤንፒ-ምሉእ ከሚባሉት ችግሮች አንዱ ነው፤ ይኸውም ለሁሉም ሁኔታ ፈጣን የሆነ የመፍቻ ስልት እስካሁን ያልተገኘለት ማለት ነው። ኦፕን ሱዜ በ2008 ባወጣው በ11.0 ዕትሙ የሎጂክ እኩልታ የሚፈታ ስልት የተጠቀመው ከዚህ የተነሣ ነው። የዴቢያን 12 ማከማቻ በ2023 ከ64,000 በላይ ጥቅሎች እንደ ነበሩት ሲታሰብ፣ የሚያስደንቀው መጫን አልፎ አልፎ መክሸፉ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ መሳካቱ ነው።

በ2007 ደግሞ ዴቢያን 4.0 ሌላ ዓይነት እምቢታ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ አፕት የማከማቻውን ፊርማ ይመረምራል፤ ቁልፉን ካላወቀ ተጠቃሚውን ያስጠነቅቃል። ይህን ማስጠንቀቂያ ለማለፍ ብሎ ምርመራውን መዝጋት ደጁን ለማያውቁት እንግዳ ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

፬. የ2021 ትምህርት

በኖቬምበር 2021 በቪዲዮ ዝግጅቱ የታወቀው ሊነስ ሴባስቲያን ፖፕ ኦኤስ በተባለው ስርጭት ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ሊጭን ሞከረ። በማከማቻው የነበሩት ጥቅሎች ስላልተስማሙ፣ አፕት ያገኘው መንገድ የዴስክቶፑን ጥቅሎች ማስወገድ ሆነ። መሣሪያው አላታለለም፤ አደገኛ መሆኑን ገልጾ «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲጻፍለት ጠየቀ። ዐረፍተ ነገሩ ተጻፈ፤ ዴስክቶፑም ጠፋ።

አንዳንዶች ጥፋቱን በተጠቃሚው ላይ ጣሉት። ነገር ግን ስንት ማስጠንቀቂያ በከንቱ ሲወጣ ያየ ሰው አንዱን እውነተኛ እንዴት ይለየዋል? የአፕት አዘጋጆች ከዚያ በኋላ አስፈላጊ ጥቅሎችን ማስወገድ በዐረፍተ ነገር መጻፍ ብቻ እንዳይፈቀድ ማድረጋቸው ፍርዱን በትክክል የሰጠ ይመስለናል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ብሂል በሰዎች መካከል የሚያምር ነው፤ ለጥቅል አስተዳዳሪ ግን በጊዜው የተነገረ እምቢታ ይበልጣል።

ከ2016 ጀምሮ የተስፋፉት ስናፕና ፍላትፓክ ፕሮግራሙ ከሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች ብዙውን ለይቶ እንዲይዝ በማድረግ ግጭቱን ይቀንሳሉ። ይህም ለየቤቱ ወፍጮ መትከል ነውና፣ ዲስክ ይበላል፤ የደኅንነት ጉድለት በተገኘ ጊዜም የሚታረመው ወፍጮ ይበዛል።

እንግዲህ መጫን የከሸፈበት ባለሙያ የታሪኩን ቅደም ተከተል ቢከተል ይጠቀማል። በመጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ፣ ወይም ሌላ መጫኛ በሥራ ላይ ሆኖ እንደ ሆነ ይመልከት፤ መቈለፊያውን በእጁ አይሰርዝ። ቀጥሎ በከፊል የቀረውን ያስጨርስ። ከዚያ የማከማቻውን ዝርዝር ያድስ፣ የሌላ ዕትም ማከማቻ ተቀላቅሎ እንደ ሆነም ይመርምር። በመጨረሻም ሊወገዱ የታሰቡትን ጥቅሎች ስም አንድ በአንድ ሳያነብ አይስማማ። እምቢታውን በኃይል ከመስበሩ በፊት ምክንያቱን የጠየቀ ሰው፣ ሌሎች አስቀድመው የከፈሉትን ዋጋ ዳግመኛ ከመክፈል ይድናል።