የእንጅባራ ወይም የዳንግላ ፖሊስ ኃላፊ እንዴት ይመደባል? ለማንስ ይጠየቃል?

እንጅባራ ወይም ዳንግላ የሚኖር ሰው የከንቲባውን ስም ያውቃል። የፖሊስ ጽ/ቤቱን ኃላፊ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ወንድማችን ጣቢያ ሲገባ ወይም ሱቃችን ሲሰበር ነው። ጥያቄውም ያኔ ይመጣል፦ ይሄን ሰው ማን አመጣው? ቅሬታ ቢኖረኝስ ለማን ነው የምናገረው?

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። የከተማ ፖሊስ ኃላፊ በማስታወቂያ አይቀጠርም፣ በሕዝብ ድምፅም አይመረጥም። ከፖሊስ ተቋሙ ውስጥ ይመደባል። ከተመደበ በኋላ ደግሞ ሁለት አለቃ አለው። ዝርዝሩን በየተራ እንየው።

▪️ ሥልጣኑ ከየት ይጀምራል?

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የኢትዮጵያ ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም አንድ አገር አቀፍ ተቋም ሆኖ ነው የተዋቀረው። በንጉሡም በደርግም ዘመን ትእዛዙ ከአዲስ አበባ ነበር የሚወርደው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይሄን ለሁለት ከፈለው። በአንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስን የፌዴራል መንግሥት ያደራጃል። በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልል ፖሊስን ማደራጀትና መምራት የክልሉ ሥልጣን ነው። ከተሞች የራሳቸውን ፖሊስ ያቋቁማሉ የሚል ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ «የእንጅባራ ፖሊስ» ስንል እንጅባራ ላይ የተመደበ የአማራ ክልል ፖሊስ ማለታችን ነው።

መዋቅሩ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ነው፦

1ኛ. የአማራ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን፣ ባሕር ዳር
2ኛ. የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፖሊስ መምሪያ፣ እንጅባራ
3ኛ. የከተማ አስተዳደርና የወረዳ ፖሊስ ጽ/ቤቶች
4ኛ. ጣቢያዎችና በየቀበሌው ያሉ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊሶች

እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። እንጅባራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ መቀመጫ ስለሆነች መምሪያውም የከተማው ጽ/ቤትም እዚያው ናቸው። «ፖሊስ ሄጄ አመለከትኩ» የሚል ሰው የቱ ጋ እንደሄደ አይለየውም። የጣቢያ ጉዳይ ይዞ መምሪያ ይሄዳል፣ «ወደ ከተማው ጽ/ቤት ሂድ» ይባላል፣ ቀኑ ይመሻል። የዳንግላ ሰው ይሄ ችግር የለበትም፤ ይግባኙን ይዞ እንጅባራ ድረስ መሄድ ግን አለበት።

▪️ ማን ይታጫል?

ዕጩው ከውጭ አይመጣም። የፖሊስ ማዕረግ ከኮንስታብል ይነሳል። ከዚያ ሳጅኖች፣ ኢንስፔክተሮች፣ ኮማንደሮች፣ ጫፍ ላይ ኮሚሽነሮች አሉ። የከተማ ጽ/ቤት የሚመራ ሰው ብዙ ጊዜ ከዋና ኢንስፔክተር እስከ ኮማንደር ባለው እርከን ላይ ያለ መኮንን ነው። ዜና ላይ «ዋና ኢንስፔክተር እገሌ፣ የእንዲህ ከተማ ፖሊስ ጽ/ቤት ኃላፊ» ሲባል የምንሰማው ለዚህ ነው።

ሲመዘን የሚታዩት ነገሮች ማዕረግ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ሥልጠና፣ የሥራ አፈጻጸምና የዲሲፕሊን መዝገብ ናቸው። እነዚህ በወረቀት የሚታዩ ናቸው። ከነዚህ ሌላ የከተማው አመራር ከሰውየው ጋር ለመሥራት ያለው ፈቃደኝነትም ይቆጠራል። ከንቲባው ያላመነው የፖሊስ ኃላፊ ብዙ አይሰነብትም።

ሕዝቡ የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። የምደባ ደብዳቤ ይጻፋል፣ የነበረው ለአዲሱ ያስረክባል፣ አንዳንዴ የትውውቅ መድረክ ይዘጋጃል። ስንት ሰው ታጨ? ለምን እሱ ተመረጠ? የቀድሞው ለምን ተነሳ? ለሕዝብ የሚነገር ነገር የለም። አንድ ኃላፊ ተነስቶ ሌላ ከተማ ሲመደብም እድገት ይሁን ቅጣት ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

▪️ ሁለት አለቃ ማለት ምን ማለት ነው?

በሙያ በኩል ኃላፊው ለላይኛው ፖሊስ፣ ማለትም ለመምሪያው ተጠሪ ነው። የምርመራ አሠራር፣ የጦር መሣሪያ አያያዝ፣ የአባላት ዲሲፕሊንና ዝውውር በዚህ መስመር ይሄዳሉ።

በአስተዳደር በኩል ደግሞ ለከተማው ከንቲባ ነው። የከተማው የጸጥታ ዕቅድና በጀት በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ከንቲባው፣ የሰላምና ጸጥታ ጽ/ቤቱ፣ ሚሊሻውና ፖሊሱ በጸጥታ ምክር ቤት አብረው ይቀመጣሉ።

ጥቅም አለው። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ በሰውና በፈረስ ትሞላለች። ያን ቀን መንገድ የሚዘጋው፣ እንግዳ የሚቀበለውና ሌባ የሚጠብቀው አካል አንድ ላይ ካልሠራ በዓሉ አይሆንም። ከባሕር ዳር የሚመጣው ዋና መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ ቻግኒ የሚለየውም እንጅባራ ላይ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ቻግኒ ራንች ሲሰፍሩ የጸጥታውንም የእርዳታውንም ሥራ አንድ ቢሮ ብቻውን ሊችለው አይችልም ነበር።

ጉዳቱ ደግሞ ይሄ ነው። ሁለት አለቃ ያለው ሰው አንዱን በሌላው ማመካኘት ይችላል። «ከላይ ታዝዤ ነው» ይላል፤ ላይ ስትጠይቅ «የከተማው ጉዳይ ነው» ትባላለህ። ሁለቱ አለቆች ከተስማሙ ደግሞ የነዋሪው ድምፅ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

▪️ ምክር ቤቱስ?

ቀዳዳው መሆን የነበረበት የከተማው ምክር ቤት ነው። ከንቲባው ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱ ውስጥ ጸጥታ አንድ ክፍል ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ «በዚህ ዓመት ስንት ሰው ተያዘ? ስንቱ ፍርድ ቤት ቀረበ? በስንት ፖሊስ ላይ ቅሬታ መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚከለክለው የለም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ፣ ማለትም የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ፣ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫም ድምፅ የተሰጠው ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች፣ በከተማ ደረጃ ደግሞ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር። በ2005 ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ለአቅመ መምረጥ ደርሷል፤ የፖሊስ ኃላፊውን ከንቲባ የሚጠይቅለትን የምክር ቤት አባል ግን አንዴም መርጦ አያውቅም።

▪️ ከ2015 ወዲህ ምን ተለወጠ?

ብዙ ነገር። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ተወሰነ፤ አባላቱም ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ አማራጭ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ የደጀን ወረዳና የሸዋ ሮቢት ከተማ ፖሊስ ኃላፊዎች ተገደሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የጸጥታ አካላትም በኮማንድ ፖስት ሥር ሆኑ።

ይሄ ለምደባ ምን ማለት ነው? ወንበሩ ሕይወት የሚያስከፍል ሆነ ማለት ነው። ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ሲቀንስ ምርጫው ይጠባል። መመዘኛውም ከምርመራና ከማኅበረሰብ አገልግሎት ወደ ውጊያ ብቃት ያዘነብላል። ጦርነት የሚችል ሰው ጥሩ አዛዥ ሊሆን ይችላል። የተሰረቀ ሞባይል፣ የተደፈረች ልጅ፣ የድንበር ጠብ ግን ሌላ ዓይነት ሙያ ይፈልጋሉ፤ ጦርነት ሲኖርም አይቆሙም።

▪️ ሌላው ጋ እንዴት ነው?

የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጄኔራልን የሚሾመው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ደመላሽ ገብረሚካኤል የተሾሙት እንዲህ ነው። አዲስ አበባም ዋና ከተማ ብትሆንም ፖሊሷ በ1995ቱ ቻርተር መሠረት ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ ፖሊሱን ሙሉ በሙሉ በእጁ ያላደረገው የኛ ከንቲባ ብቻ አይደለም።

ጎረቤት ኬንያ ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተር ቦታን በማስታወቂያ አውጥታ አመልካቾችን በአደባባይ ቃለ መጠይቅ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን ሕጉ ተሻሽሎ ዕጩ ማቅረቡ ለፕሬዚዳንቱ ተሰጠ፤ ፓርላማው የማጽደቅ ሥልጣኑን ይዞ ቀረ። በእንግሊዝና ዌልስ አብዛኛው አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሕዝቡ አንድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽነር ይመርጣል፣ እሱ የፖሊስ አዛዡን ይሾማል። ከመሾሙ በፊት ግን ዕጩው በይፋ ስብሰባ ይጠየቃል። የሁለቱም አገር ልምድ የሚያሳየው አንድ ነገር፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሕዝቡ እንዲያየው ማድረግ እንደሚቻል ነው።

▪️ እኛ ዛሬ ምን መጠየቅ እንችላለን?

ሕግ እስኪቀየር ሳንጠብቅ የሚቻሉ ነገሮች አሉ፦

✅ ትውውቅ። አዲስ ኃላፊ ሲመደብ ስሙ፣ ማዕረጉና የቢሮ ስልኩ በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳና ገጽ ላይ ይውጣ። መድረኩም የተጠራ ሰው ብቻ የሚገባበት አይሁን።

✅ ቋንቋ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የማወቅ መብት አለው። ለገበያ ከገጠር ወደ እንጅባራ የመጣች፣ አፏን በአውኚ የፈታች እናት በአማርኛ ብቻ ከተነገራት መብቱ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ «አውኚ የሚችል መርማሪ በየፈረቃው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

✅ 48 ሰዓት። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ ቤተሰብ «አካል ነፃ ይውጣልኝ» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

✅ መረጃ። በአዋጅ 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤትን መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለደኅንነት ሲባል የማይሰጥ መረጃ አለ። የቅሬታ ብዛትና የአሠራር ጥያቄ ግን የጦር ምስጢር አይደለም።

✅ የቅሬታ በር። መጀመሪያ የከተማው ጽ/ቤት ኃላፊ፣ ከዚያ የብሔረሰብ አስተዳደሩ መምሪያ፣ ከዚያ የክልሉ ኮሚሽን። ፖሊስ ወንጀል ፈጽሟል ካላችሁ ዐቃቤ ሕግ ጋ። ከዚህ ውጪ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ላይ ቢሮ አላቸው። በቃል ብቻ አትናገሩ፤ ጽፋችሁ፣ ቀን አስገብታችሁ፣ ኮፒውን ያዙ።

የፖሊስ ኃላፊውን እኛ አንሾመውም፣ እኛም አናነሳውም። ነገር ግን ስሙን የሚያውቅ፣ 48 ሰዓት የሚቆጥርና ወረቀት የሚይዝ ነዋሪ ባለበት ከተማ የሚመደብ ኃላፊ፣ ከሁለቱ አለቆቹ ሌላ የሚጠይቀው ሦስተኛ ሰው እንዳለ ከመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

ይሄን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፤ ለሚያስፈልገው ሰውም አጋሩት።