ራስ ወልደ ሥላሴ የማይሸነፉበት ሰንጠረዥ



ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም ውዬ፣ ደክሞኝ ከቢሮዬ ስወጣ ሦስት ተማሪዎች አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከበው ሲከራከሩ አገኘሁ። በዚህ በመቀሌ ወጣቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲከራከሩ የሰማ ሰው ጉዳዩ ፖለቲካ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም፤ እኔም ጠርጥሬ ቆም አልሁ። ጉዳዩ ግን ከሞቱ 1,800 ዓመታት ስላለፋቸው የቻይና የጦር አበጋዞች ነበር።

«ዩዋን ሻኦን ይዞ የሚሸነፍ ሰው ይህን ጌም ባይነካው ይሻለዋል» ይላል አንደኛው። «ሰፊ ግዛትና ብዙ ጦር ተሰጥቶህ ማሸነፍ ምን ጀግንነት አለው? ወንድ ከሆንህ ሊዩ ቤይን ይዘህ ሞክር» ይለዋል ሁለተኛው። ሦስተኛው እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ሁለታችሁም ልትሸነፉ ስትሉ ሴቭ ያደረጋችሁትን መልሳችሁ ትከፍታላችሁ። ታዲያ ማን ነው ያሸነፈው?» አላቸው። ክርክሩ በዚያ አበቃ። እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ይህ ጽሑፍ የእርሷ ውጤት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌሙን ለማታውቁት፣ ኮኤይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1985 ጀምሮ በተከታታይ ሲያወጣው የኖረው «የሦስቱ መንግሥታት» የስልት ጨዋታ ነው። መቼቱ የሃን ሥርወ መንግሥት ተዳክሞ ቻይና በጦር አበጋዞች የተከፋፈለችበት ዘመን ነው። ሥርወ መንግሥቱ በ220 በይፋ አከተመ፤ ዌይ፣ ሹ እና ዉ የተባሉ ሦስት መንግሥታት ጎን ለጎን ቆሙ፤ አገሪቱ እንደገና በአንድ ዘውድ ሥር የዋለችው በ280 ነው። ተጫዋቹ ከአበጋዞቹ አንዱን ይመርጥና ተራውን እየጠበቀ ግብር ይሰበስባል፣ እህል ያከማቻል፣ ጦር ይመለምላል፣ መልእክተኛ ይልካል። እያንዳንዱ ሹም በነጥብ ተለክቷል፤ ጦረኝነቱና ብልሃቱ ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱም ጭምር። ታማኝነቱ ሲቀንስ ወርቅ ይሰጡታል፤ ነጥቡ ከፍ ይላል። ከሹማምንቱ አንዱ ደግሞ አማካሪ ሆኖ «ይህ ዕቅድ ይሳካል፤ ያኛው አይሳካም» እያለ ይመክራል፤ ብልሃቱ ከመቶ መቶ የሆነ አማካሪ ከቶ አይሳሳትም።

የመጀመሪያው ተማሪ አስተያየት የታሪክ ሰውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጋል። ዩዋን ሻኦ በ200 ጓንዱ በተባለው ስፍራ ከጻኦ ጻኦ ጋር ሲገጥም በእርግጥም ጦሩ የበለጠ ነበር፤ ሆኖም ስንቁ ተቃጥሎበት ተሸነፈ። ቲየን ፌንግ የተባለው አማካሪው ገና ከዘመቻው በፊት ጠላትን በአንድ ውጊያ ለመጨረስ ከመቸኮል ይልቅ በረጅም ጊዜ ማድከም እንደሚሻል ቢመክረው፣ ምክሩን እንደ ስድብ ቆጥሮ አሰረው። የቻይና መዛግብት እንደሚነግሩን፣ የሽንፈቱ ወሬ ሲሰማ ሰዎች «እንግዲህ ክብርህ ይመለሳል» ቢሉት፣ ቲየን ፌንግ ጌታው ድል አድርጎ ቢመለስ ኖሮ ይምረው እንደ ነበር፣ ስለ ተሸነፈ ግን እንደሚገድለው ተናገረ። የሆነውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ ዩዋን ሻኦን ይዞ በቀላሉ የሚያሸንፍ ወጣት ከእርሱ የበለጠ የጦር ሰው ሆኖ አይደለም። አማካሪው «አይሳካም» ሲለው የማያፍር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

በማግሥቱ እነዚያው ተማሪዎች፣ «ዶክተር፣ ለእኛስ ዘመነ መሳፍንት እንዲህ ያለ ጌም ቢሠራ አያምርም?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጌሙ ነበረ፤ መሳፍንቱ ራሳቸው ይጫወቱት ነበር ብዬ ብመልስላቸው የቀለድሁ መሰላቸው። እውነቴን ነበር።

እንደምታውቁት፣ ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ጀምሮ ካሳ ኃይሉ በ1855 በደረስጌ ማርያም «ቴዎድሮስ» ተብለው እስኪነግሡ ድረስ፣ የጎንደር ዙፋን ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። «ፍጻሜ መንግሥት» የሚል ቅጽል የተሰጣቸው ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል። ሥልጣኑ በየአውራጃው መሳፍንት እጅ ነበር። በትግራይ ከእነዚህ ዋነኛው እስከ 1816፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የገዙት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድና ከቆላው የሚወጣው የአሞሌ ጨው ንግድ በእጃቸው ነበር። መቀመጫቸውም ሕንጣሎና ጨለቆት ነበሩ። ጨለቆት ከመቀሌ በስተደቡብ የቅርብ ጎረቤታችን ናት፤ ራሱ ያሠሯት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዚያ አለች።

በ1805 ሄንሪ ሳልት የተባለ፣ በሙያው ሥዕል የተማረ፣ ዕድሜው ገና 25 ዓመት የሆነ እንግሊዛዊ ወደ ሕንጣሎ መጣ። ራስ ወልደ ሥላሴን በመኳንንታቸው መካከል ተቀምጠው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አገኛቸው። ሰንጠረዥ ስል በዛሬው ትርጉሙ በወረቀት ላይ የሚሰመረውን ማለቴ አይደለም፤ የእኛን የራሳችንን ቼዝ ማለቴ ነው። ጨዋታው በአገራችን የቆየ ነው፤ ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደ ነበር ተጽፏል። ከ1935ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ ግን ከቤተ መንግሥትም ከመኳንንቱ ቤትም ቀስ በቀስ ጠፍቷል።

ገበታው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ በጨርቅ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ነበሩ። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር እና መደቅ የሚባሉ ጠጠሮች ነበሩት። መደቅ ማለት ከፊት የሚሰለፈው ተራ ወታደር ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን አጀማመሩ ነው፤ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ባላጋራቸውን በዓይናቸው እየተከተሉ እንደ ፈለጉ ይሰለፋሉ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲወድቅ ብቻ ነው። የዘመነ መሳፍንትን የጦር ስልት በአንድ ገበታ ላይ አጠቃልሎ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ሳልት ያየውን ሲጽፍ ሁለት ነገሮችን አስተውሏል። አንደኛው፣ ጨዋታው በጫጫታ የተሞላ መሆኑ ነው። በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ፣ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፣ አስተያየት የመስጠት መብት ነበራቸው፤ መናገር ብቻ ሳይሆን ጠጠሩን በእጃቸው እያነሡ «እዚህ ቢያስቀምጡት ይሻላል» እያሉ ያሳዩ ነበር። ሁለተኛው ግን፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በኋላ ራሱ ሁልጊዜ ማሸነፋቸው ነው። መኳንንቱ ጌታቸው እንዲያሸንፉ የሚያደርጉበት ረቂቅ ብልሃት እንደ ነበራቸው ሳልት ታዝቦ አልፏል።

እዚህ ላይ ለምስክሩም ሆነ ለተመሰከረባቸው ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ሳልት ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ነበር፤ የተመለከተው ጥቂት ጨዋታዎችን ነው፤ የጨዋታ ምሽትም የምክር ሸንጎ አይደለም። ራስ ወልደ ሥላሴም በዚያ የመከራ ዘመን ትግራይን ለረጅም ጊዜ አጽንተው የያዙ፣ ያለ ብልሃት ሊሆን የማይችል ነገር ያደረጉ ሰው ናቸው። ምናልባትም በእውነት ጎበዝ ተጫዋች ነበሩ ይሆናል። ችግሩ ግን ይኸው ነው፤ ጎበዝ መሆናቸውን ራሳቸውስ በምን ያውቁ ነበር? ሁልጊዜ እንዲያሸንፍ የሚደረግ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ሚዛን የለውም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂላችን ዘወትር የሚጠቀሰው የተገዢውን በደል ለማሳየት ነው፤ እኔ ግን የገዢውንም ጉዳት ያሳያል እላለሁ። የማይከሰስ ሰው ስህተቱን የሚሰማው ከጠላቱ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ሦስተኛው ተማሪ ያላት ነገር እዚህ ላይ ትገጥማለች። ያ በጌሙ ውስጥ ሊሸነፍ ሲል ሴቭ ያደረገውን መልሶ የሚከፍት ወጣት፣ ኮምፒውተሩ ለእርሱ የመኳንንቱን ሥራ እየሠራለት ነው። ዩዋን ሻኦ አማካሪውን አስሮ ዝም አሰኘው፤ በሕንጣሎ ደግሞ ማንም አልታሰረም፤ ሁሉም ተናገረ። ሆኖም በሁለቱም ስፍራ ጌታው መሸነፍ እንደሚችል የሚያሳየው ሰው አልነበረም። የመናገር ነፃነት ብቻውን ምክር አይሆንም ማለት ነው። ምክር ምክር የሚሆነው ጌታው ሊሸነፍ በሚችልበት ገበታ ላይ ሲሰጥ ነው።

የሚያሳዝነው፣ የሰንጠረዡ ሕግ ራሱ ከአዳራሹ ልማድ ይልቅ ጥበበኛ መሆኑ ነው። በዚያ ሕግ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማስጨነቅ ያን ያህል አያስከብርም ነበር፤ የሚያስመሰግነው በትንሹ ጠጠር፣ በመደቅ፣ ማሸነፍ ነው። ከዚህም በላይ የባላጋራህን ጠጠር ሁሉ በልተህ ንጉሡን ብቻውን ካስቀረኸው አላሸነፍህም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሸነፍም፤ ጨዋታው ያለ ድል ያበቃል። ስለዚህ ማሸነፍ የሚሻ ሁሉ ለባላጋራው አንዳች ነገር ማስቀረት ግዴታው ነበር። መሳፍንቱ ይህን ሕግ በየምሽቱ በገበታቸው ላይ ያከብሩት ነበር፤ ሲነጋ በሜዳው ላይ ግን ረሱት። ራስ ወልደ ሥላሴ በ1816 ሲሞቱ ትግራይ በእርስ በርስ ፉክክር ተናጠች። ከዚያ ትግል አሸንፈው የወጡት ደጃዝማች ሰባጋዲስ በ1831 በደብረ ዓባይ ጦርነት ከየጁው ራስ ማርዬ ጋር ገጠሙ። ማርዬ በጦርነቱ ሞቱ፤ ሰባጋዲስ ተማርከው ተገደሉ። ሁለቱም ጌቶች ከገበታው ወረዱ፤ ትግራይም በሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ እጅ ወደቀች። ስንት መደቅ እንደ ወደቀ የቆጠረ የለም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ አያቶቻችን ለመፍረድ አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ሰብሳቢው «በነፃነት ተናገሩ» አሉን። እኛም ተናገርን፤ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንዳችን ከአንዳችን እየበለጥን፣ አንዳንዶቻችንም ጠረጴዛውን እየመታን። ስንጨርስ የተነበበልን የአቋም መግለጫ ትናንት ማታ የተተየበ ነበር። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን የእርሳቸው ሥራ አይደለም፤ መግለጫው ሲነበብ እኔም ማጨብጨቤ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ ያሳደገን ማኅበረሰብ ልጅ ነኝ። በሕንጣሎ ከነበሩት መኳንንት በምን እበልጣለሁ?

ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በዚህ ምድር የሆነውን ለመተረክ ይህ ቦታው አይደለም፤ ገና ብዙ መጻሕፍት ይጻፉበታል። ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረሙት ወራት ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አስብ ነበር። ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በየወገኑ፣ በየአዳራሹ፣ «ይህ አይሳካም» ያለ ሰው ነበረን? ነበረስ ከተባለ ምን ተደረገ? በየቴሌቪዥኑ የሰማነው ድል ብቻ ነበር፤ ሁሉም ወገን ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። በየመቃብሩ የተኙት ግን መደቆች ናቸው። ዛሬም «አሁን ቢደገም እንዲህ ብናደርግ» የሚል ወሬ በሻይ ቤት ስሰማ፣ ያቺ ላፕቶፕ ትታየኛለች። ጌሙ ሲበላሽ መልሶ መክፈት ይቻላል። ከእነዚያ ሦስት ተማሪዎች ጋር በአንድ ክፍል ሊቀመጡ ይገባቸው የነበሩትን ልጆች ግን ማንም መልሶ የሚከፍትልን የለም።

ተማሪዎቼን በመጨረሻ የመከርኋቸው ይህን ነው፤ ጌማችሁን ተጫወቱ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሴቭ ሳታደርጉ ተጫወቱትና ተሸነፉ። ሦስተኛው ልጅ ሳቀና፣ «ዶክተር፣ እርስዎስ ከእኛ ጋር ሰንጠረዥ ቢጫወቱ እናሸንፍዎታለን?» አለኝ። ካላሸነፋችሁኝ ማርክ እቀንሳለሁ አልሁት።

ቸር ያሰንብተን።