የመንገድ ዳር የስካር ምርመራ

የመንገድ ዳር የስካር ምርመራ ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ያሽከረክራል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው መኪናው በቆመበት ቦታ በፖሊስ የሚፈተንበት ዘዴ ነው። በአሜሪካ አሁን የሚሠራበት መልክ የመጣው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ካሊፎርኒያ ለፌዴራሉ መንግሥት ከተደረገ ጥናት ነው።

ፈተናው ሦስት ሲሆን ከሁሉ የሚታመነው የዓይኑ ነው። ፖሊሱ ከአሽከርካሪው ፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ እስክሪብቶ ይይዛል፤ ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ እንዲከተለውም ያዝዘዋል። ያልጠጣ ሰው ዓይን ሳይቆራረጥ ይከተላል። የጠጣ ሰው ዓይን ግን ወደ ጎን ሲሄድ ይርገበገባል፤ ባለቤቱ አይታወቀውም፣ ልደብቀው ቢልም አይችልም። ሁለተኛው ፈተና ተረከዝን ከጣት እያገናኙ 9 እርምጃ ሄዶ፣ ዞሮ፣ በ9 መመለስ ነው። ሦስተኛው አንድ እግር አንሥቶ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠሩ 30 ሰከንድ መቆም ነው። ወገቡን የሚያመው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ጠብታ ሳይቀምስም ሊንገዳገድ ስለሚችል፣ ሕመም ያለበት ሰው ከፈተናው በፊት ለፖሊሱ መናገር ይኖርበታል።

ከዚያ የትንፋሽ መለኪያው ይመጣል። ሮበርት ቦርከንስታይን የሠራው ታዋቂው መሣሪያ የ1954 (እ.ኤ.አ.) ነው። በደም ውስጥ የሚፈቀደው የአልኮል ጣሪያ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች 0.08 በመቶ፣ በዩታ ግዛት 0.05 ነው። ለከባድ መኪና ሾፌሮች 0.04 ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልብ ሊሉት ይገባል።

መለኪያው የሚያውቀው አልኮልን ብቻ ነው። ለዕፅ ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ ፖሊስ የተጀመረውን ሥልጠና የወሰደ መርማሪ ይጠራል። እሱም በ12 ደረጃዎች የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ በጨለማና በብርሃን የብሌንን ስፋት፣ የጡንቻን መላላትና መገታተር ያያል፤ በመጨረሻም ደም ወይም ሽንት ይወሰዳል። እዚህ ላይ ምርመራው ደካማ ነው። ካናቢስ ዓይንን አያርገበግብም፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚታመነው ፈተና ስለ እሱ የሚናገረው የለም። በደም ውስጥ የተገኘው መጠንም ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደ ደነዘዘ በቀጥታ አያሳይም። የማሳቹሴትስ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 (እ.ኤ.አ.) በካናቢስ ክስ ፖሊስ በዓይኑ ያየውን እንዲመሰክር ፈቅዶ፣ «ፈተናውን ወድቋል» እንዳይል ከልክሏል።