ቀዝቃዛ አየርና የገዢ ልብ

አየርን በመሣሪያ የመግራት ጥበብ በመጀመሪያ የታሰበው ለወረቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ የሳኬት-ዊልሄልምስ ማተሚያ ቤት ወረቀት በሞቃቱ ወራት የአየሩን ርጥበት እየመጠጠ ስለሚለጠጥ፣ ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል ሊያርፉ አልቻሉም። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ገና አንድ ዓመት የሆነው ወጣቱ መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር፣ አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧዎች ላይ በማሳለፍ ርጥበቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈ።

መሣሪያው ወደ መደብር ለመግባት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት። የጊዜው ማቀዝቀዣዎች ግዙፎች ከመሆናቸውም በላይ በአብዛኛው የሚሠሩት በአሞኒያ ነበርና፣ ይህን መርዛማ ጋዝ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ሥር ማኖር ያሰጋ ነበር። ካሪየር በ1922 ይፋ ያደረገው የሴንትሪፉጋል ማቀዝቀዣ ሥጋቱን አቃለለው።

በዲትሮይት ከተማ የጄ. ኤል. ሀድሰን መደብር ምድር ቤት፣ ዕቃ በርካሽ በሚሸጥባቸው ቀናት ገበያተኛው እየተጨናነቀ በሙቀቱ ራሱን የሚስት አይታጣም ነበር። በ1924 አዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች ሲተከሉ ምድር ቤቱ የሚሸሹበት መሆኑ ቀርቶ የሚመጡበት ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ተራው የኒውዮርኩ ሪቮሊ ሲኒማ ቤት ነበር። መሣሪያው ዘግይቶ በመነሣቱ ተመልካቹ ሁሉ ማራገቢያውን ያወዛውዝ ጀመር፤ ቅዝቃዜው እየተሰማ ሲሄድ ግን ማራገቢያዎቹ አንድ በአንድ ጭን ላይ ዐረፉ።

ነጋዴዎች ከዚህ ያተረፉት እምነት፣ ቅዝቃዜ ራሱ ይሸጣል የሚል ነው። ይህ ግን ችኩል ድምዳሜ ይመስላል። ሙቀት ያስጨነቀው ሰው ያገኘውን አንሥቶ ይወጣል፤ ያልተጨነቀው ጨርቁን ይዳብሳል፣ ዋጋውን ያስተያያል፣ ምንም ሳይገዛም ሊሄድ ይችላል። የሽያጭ መዝገብ ለመግዛት የመጣውንና ሊበርደው የገባውን ለይቶ አያሳይም። ቪክቶር ግሩን በሚኒሶታ የነደፈው የሳውዝዴል የገበያ ማዕከል በ1956 ሲከፈት፣ ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዲሆን የታቀደውም ሰው እንዳይቸኩል ነው።

ጥያቄው በቤተ ሙከራ የቀረበው ዘግይቶ ነው። በ2012 አማር ቺማና ቫኔሳ ፓትሪክ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች 19 እና 25 ዲግሪ ያህል በሆኑ ክፍሎች ሆነው ሁለት የስልክ አገልግሎት ውሎችን እንዲያወዳድሩ ተደረገ። ርካሹን ለይተው ያወጡት በሞቀው ክፍል ካሉት መካከል ጥቂቶቹ ነበሩ። አጥኚዎቹ እንደሚያስረዱት፣ አካል ራሱን ለማቀዝቀዝ ሲደክም ለማመዛዘን የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል፤ ውዱን ውል ለሚሸጥ ነጋዴ ይህ የግድ ኪሣራ አይደለም።